ሥራው ለነርስ፣ ፊርማው ለሐኪም

በጤና ዘርፍ ስብሰባ ላይ ከመድረክ ከሚሰሙት ሐረጎች መካከል «ሐኪም እስኪበቃን ድረስ» የሚለውን የሚስተካከል የለም። ነርስ የስኳር ሕሙማንን ትከታተል፣ ነርስ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ታስጀምር፣ ነርስ የተመላላሽ ክፍሉን ትምራ የሚል ሐሳብ በተነሳ ቁጥር ይህ ሐረግ ይከተላል። የሚገርመው ሐሳቡን የሚቃወመውም የሚደግፈውም እኩል ይጠቀምበታል። ተቃዋሚው «ለጊዜው እንታገሠው» ለማለት፣ ደጋፊው «ምን እናድርግ፣ አማራጭ የለንም» ለማለት። ሁለቱም ሳይነጋገሩ የተስማሙበት ነገር አለ፤ በነርስ የሚመራ ሕክምና የድሃ አገር ሕክምና ነው፣ ሐኪም ሲበዛ ይቀራል፣ ሊቀርም ይገባል።

የእኔ ሙግት ከሁለቱም ጋር ነው። እንዲያውም ከደጋፊው ጋር ያለኝ ጠብ ይብሳል። ተቃዋሚው ቢያንስ ምን እንደሚጠላ ያውቃል። ደጋፊው ግን ነርሷን በእጥረት ስም ያስገባትና ደመወዟን ሳይነካ፣ ፊርማ ሳይሰጣት፣ ስለ መድኃኒት ግዢ ሳያማክራት ያሠራታል። ሥራው ሲንገዳገድ ደግሞ «አላልናችሁም?» ለሚለው ወገን ማስረጃውን ራሱ ያቀብላል።

«እስኪበቃን ድረስ» የሚለው አስተሳሰብ ከዚህ በፊትም ዋጋ አስከፍሎናል። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ያሠለጥን የነበረው ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒተሪያኖችን ነው፤ ሐሳቡም ሦስቱ አንድ ጤና ጣቢያ ገብተው እንደ ቡድን አካባቢውን እንዲይዙት ነበር። በ1970ዎቹ መገባደጃ ኮሌጁ ወደ ሐኪም ማሠልጠኛነት ሲዞር የጤና መኮንኑ ሥልጠና ቆመ። ሐኪም መጣ፣ እንግዲህ ምትኩ ይሂድ ተባለ ማለት ነው። በ1990ዎቹ ደግሞ ያንኑ ሥልጠና እንደ አዲስ ጀመርነው። ጤና መኮንን ነርስ አይደለም፤ ስሕተቱ ግን ያው ነው። በመካከሉ የባከነውን ዘመን የከፈለው ጤና ጣቢያ ደጃፍ ቆሞ የቀረው ገበሬ ነው።

የኤች አይ ቪ ዘመን ሌላ ነገር አሳየን። ነፃ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ2005 እ.ኤ.አ. ሲጀመር፣ ማስጀመሩም ክትትሉም የሐኪም ብቻ ይሁን ቢባል ኖሮ ወረፋው ዛሬም ባላለቀ። ሥራው ወደ ጤና መኮንኖችና ነርሶች ወረደ። በጥር 2008 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ሥራ ማሸጋገር የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለት ዓመት ቆይቶ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የደቡብ አፍሪካ ጥናት 812 ታካሚዎችን ለነርስና ለሐኪም በዕጣ ከፍሎ ተከታትሎ፣ በነርስ እጅ የነበሩት ውጤት ከሐኪሙ እንዳላነሰ አሳየ። ነገሩ በዚህ ማለቅ ነበረበት። እኛ ግን ከዚህ ሁሉ የወሰድነው «በአደጋ ጊዜ ነርስም ይሠራል» የሚለውን ትምህርት ብቻ ነው። ኤች አይ ቪ እንደ ጦርነት ተቆጠረ፤ በጦርነት ጊዜ የተሰጠ ማዕረግ ደግሞ ሰላም ሲወርድ ይነጠቃል።

እስቲ ጦርነት ያልተባለ፣ ፈንድ ያልጎረፈለት አንድ ዘርፍ እንውሰድ፤ የአእምሮ ሕክምናን። አማኑኤል ሆስፒታል በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን ሲጀምር በመላ አገሪቱ የነበሩት ሳይካትሪስቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። አገር ውስጥ የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2003 ነው። በእነዚያ ዓመታት ከአዲስ አበባ ውጭ ያለ የአእምሮ ሕመምተኛ በሰንሰለት ታስሮ አማኑኤል ከመምጣቱ በፊት ሕክምና የሚባል ነገር ካገኘ፣ ያገኘው በየክልሉ ሆስፒታል አንድ ክፍል ይዘው በተቀመጡ ነርሶች እጅ ነው። መርምረው፣ መድኃኒት አዝዘው፣ ቤተሰብ አማክረው፣ ቀጠሮ ሰጥተው፣ ያልመጣውን አስፈልገው። «ጊዜያዊ» የተባለው ይኸው አራት ዐሥርት ዓመት ሊሞላው ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ ተቃዋሚዎቹን ዝም ሊያሰኝ የሚገባ ነበር። በሶዶ ወረዳ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በአካባቢያቸው ጤና ጣቢያ ስፔሻሊስት ባልሆኑ የጤና ባለሙያዎች ቢታከሙ ውጤቱ ምን ይሆናል የሚል ጥናት ተሠራ፤ በ2022 በላንሴት ግሎባል ሄልዝ ወጣ። ውጤቱ ጥሩ ነበር፣ ጤና ጣቢያው አላነሰም። ያላነሰው ግን ከምን ነው? መለኪያ ተደርጎ የተወሰደው በቡታጅራ ሆስፒታል በአእምሮ ሕክምና ነርሶች የሚመራው ክሊኒክ ነበር። ትናንት «የሐኪም ምትክ» ያልነው አገልግሎት ዛሬ ሌሎች የሚመዘኑበት የስፔሻሊቲ ደረጃ ሆኗል ማለት ነው። ይህን ያወቀ የጤና ባለሥልጣን ካለ ጮክ ብሎ ሲናገር አልሰማሁም።

በሚጥል በሽታ ደግሞ የነርሷን ሥራ ቀረብ ብሎ ማየት ይቻላል። በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው የቡታጅራ ጥናት ከአንድ ሺህ ሰው አምስት ያህሉ በሽታው እንዳለበት አሳይቶ ነበር። ከተገኙት 316 ሕሙማን ውስጥ ደንበኛ መድኃኒት ይወስዱ የነበሩት ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም። መድኃኒቱ ውድ ስለሆነ አልነበረም። ፊኖባርቢታል ከመድኃኒት ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት ነው። የጎደለው በየወሩ ሊደረስበት በሚችል ርቀት ላይ ተቀምጦ የሚሰጠው ሰው ነበር። በጎንደርና በጅማ ዙሪያ ይህን ክፍተት የሞሉት፣ ብሪታንያዊው ሐኪም ኤልድሪድ ፓሪ ያቋቋሙት ድርጅት በደገፈው ሥራ፣ በገጠር ጤና ጣቢያ የነበሩ ነርሶች ናቸው። ሆስፒታሉ ያሉ ሐኪሞች አሠለጠኗቸው፣ በየጊዜው እየሄዱ ጎበኟቸው፣ የከበደውን ተቀበሉ። የዘወትሩ ሕክምና ግን የነርሶቹ ሆነ፤ ለስኳር ሕሙማን የሚሰጠው ኢንሱሊንም እንዲሁ።

የቀጠሮ ቀን እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ የሚሆነውን ላየ ሰው ክርክሩ ግማሽ ያልቃል። እናት ልጇን ይዛ ትገባለች። ነርሷ «ካለፈው ቀጠሮ ወዲህ ስንት ጊዜ ጣለው?» ትላታለች። እናትየው ቀን አትቆጥርም፤ «በሚካኤል ዕለት አንዴ፣ በማርያም ማግስት ሌሊት አንዴ» ትላለች። ነርሷ ይህን ወደ 12 እና ወደ 22 ለውጣ ካርዱ ላይ ታሰፍራለች። የልጁን መዳፍና ክርን ገልብጣ ታያለች፤ ምድጃ ላይ ወድቆ ቢሆን እናቱ አፍራ ትደብቀው ይሆናል። ኪኒን ትቆጥራለች። አምስት ተርፏል። «ጠበል ገብቶ ነበር?» ብላ ትጠይቃለች እንጂ «ለምን አልወሰደም?» ብላ አትቆጣም። ገብቶ ነበር፤ አጥማቂው ካህን ጠበል ላይ መድኃኒት አይወሰድም ብለዋት ነው። «ጠበሉንም ይጠመቅ፣ ኪኒኑንም ማታ ማታ ይዋጥ፣ አባን እኔ አነጋግራቸዋለሁ» ትላታለች። ሲጥለው ክብሪት ማሽተቱን እንዲተዉና በጎኑ እንዲያስተኙት ለእናትም ለታላቅ እኅትም ታሳያለች። ልጁ ክፍል ውስጥ እያንቀላፋ አስተማሪው ያማርር እንደሆነ ጠይቃ፣ መጠኑን ላለመጨመር ትወስናለች።

ከዚህ ሁሉ ሐኪም የግድ የሚያስፈልገው የቱ ነው? መጠን መወሰኑ? እሱ በአንድ ገጽ መመሪያ ይሰፍራል፣ ሰፍሯልም። የሚከብደው ሌላው ነው። ይህን ሥራ ሐኪሙ መሥራት አይችልም አልልም። በቀን የሚያየው ሰው ብዛት ግን ይታወቃል፤ ስለ ሚካኤልና ስለ ማርያም ለመስማት ጊዜ የለውም። በነርስ የሚመራ ክትትል ጥንካሬው እዚህ ላይ ነው፤ ሕመሙ ታውቆ፣ ኑሮ ሆኖ፣ በየወሩ የሚመላለስበት ደረጃ ላይ። የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን በ2018 እ.ኤ.አ. በመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ነርስ የሐኪምን ቦታ ሲይዝ ምን ይሆናል ብሎ 18 ጥናቶችን ሲመረምር ያገኘውም ይህንኑ ይመስላል፤ የጤና ውጤቱ ተመሳሳይ ወይም የተሻለ፣ የታካሚው እርካታ ከፍ ያለ፣ አንዱ ታካሚ የሚያገኘው ጊዜም ረዘም ያለ። አብዛኞቹ ጥናቶች የተሠሩት ደግሞ ሐኪም ባልጠፋባቸው ሀብታም አገሮች ነው።

ሀብታሞቹን ካነሳን አይቀር፣ አሜሪካ ውስጥ ነርሷ ሎሬታ ፎርድ ከሐኪሙ ከሄንሪ ሲልቨር ጋር በኮሎራዶ የመጀመሪያውን የነርስ ፕራክቲሽነር ሥልጠና በ1965 ሲጀምሩ ምክንያቱ የገጠሩ እጥረት ነበር። ሐኪም ሲበዛ ግን «በቃን፣ እናመሰግናለን» ተብሎ አልተዘጋም፤ ይልቁንም ሰፋ። በኔዘርላንድስ ደግሞ ዮስ ደ ብሎክ የተባለው ነርስ በ2006 ገደማ የጀመረው ቡርትዞርግ የሐኪም እጥረት የሚባል ሰበብ ጭራሽ አልነበረውም። በየሰፈሩ እስከ 12 የሚሆኑ ነርሶች ያለ አለቃ ቡድን መሥርተው ቤት ለቤት ሕሙማንን ይንከባከባሉ፣ ቀጠሮውንም ቅጥሩንም ራሳቸው ያደራጃሉ። እዚያ ነርሶቹ ሥልጣን የወሰዱት ከሐኪም አይደለም፤ ደቂቃ እየቆጠረ ሥራቸውን ከበተነባቸው የቢሮ ኃላፊ ነው። የኔዘርላንድስን ቅርጽ እዚህ እንትከል አልልም፤ ደመወዙም ሕጉም ኢንሹራንሱም ሌላ ነው። የማነሳው «ነርስ የሚመራው ሐኪም ሲጠፋ ብቻ ነው» የሚለው አባባል እዚያ ስለማይቆም ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ፤ ወደ ሌሊት ተረኛው ዋርድ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የተኛ ታካሚ የደም ግፊቱ ይወርዳል። ተረኛዋ ነርስ ሁለተኛ መስመር ትከፍታለች፣ ፈሳሽ ትለቃለች፣ እግሩን ከፍ ታደርጋለች፣ ኦክስጅን ትሰካለች፣ ከዚያ ለተረኛ ሐኪሙ ትደውልለታለች። ሐኪሙ ድንገተኛ ክፍል ተይዟል፤ «ያደረግሽውን ቀጥይ፣ መጣሁ» ይላታል። ሲነጋ ይመጣና ኦርደሩን ወደኋላ ጽፎ ይፈርማል። በጠዋቱ ሞርኒንግ ሴሽን ላይ ጉዳዩ ሲቀርብ ሕክምናው የእሱ ሆኖ ይቀርባል። ታካሚው ሞቶ ቢሆን ኖሮስ? ያኔ ጥያቄው «ያለ ኦርደር ፈሳሹን ማን ለቀቀው?» ይሆናል። በየሆስፒታሉ ያለ ሰው ይህን ያውቃል፤ ሐኪሞቹም ያውቃሉ፣ ብዙዎቹም አይወዱትም። እንግዲህ በነርስ የሚመራ ሕክምና ይኑር ወይስ አይኑር የሚለው ክርክር ጊዜው አልፎበታል። አለ፣ በየሌሊቱ ይሠራል። የቀረው ወረቀት ላይ ይስፈር ወይስ ተደብቆ ይቀጥል የሚለው ነው። ተደብቆ ሲቀጥል ደግሞ አደገኛ የሚሆነው ለታካሚው ነው፤ ያልተጻፈ ሥልጣን አይሠለጥንበትም፣ አይመረመርበትም፣ አይጠየቅበትም።

ለውጡ ለምን አይጸናም ሲባል የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ «የአመለካከት ችግር» ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የማሻሻያ ፕሮግራሞች፣ ቢፒአር ሲመጣም፣ ቢኤስሲ ሲመጣም፣ የለውጥ ሠራዊት ሲባልም ስንሰማው የኖርነው ይህንኑ ነው፤ የማይሠራ አሠራር ባለ ቁጥር የሠራተኛው ጭንቅላት ይወቀሳል። አመለካከቱን ለጊዜው እንተወውና ሮቴሽኑን እንይ። ጤና ጣቢያው አንዲት ነርስ ለሥር የሰደዱ ሕመሞች ያሠለጥናል። አዳማ ወይም ቢሾፍቱ ሆቴል አምስት ቀን ትቀመጣለች፣ አበሏን ትቀበላለች፣ ሰርተፍኬቷን ይዛ ትመለሳለች። መቶ የስኳርና የግፊት ሕሙማን ፊቷን ይለምዳሉ። ከዚያ የሮቴሽን ሰሌዳ ይለጠፋል፤ እሷ ወደ ክትባት፣ ከክትባት የመጣው ወደ እሷ ክፍል። አዲሱ አልሠለጠነም። ታካሚው መጥቶ ስሟን ይጠይቃል፣ የለችም፤ በሁለተኛው ወር እሱም ይቀራል። በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርቱ «የጠፉ ታካሚዎች ቁጥር ከፍተኛ ነው» ይላል። ይህ የማን አመለካከት ነው? ሮቴሽኑ ለፍትሕ ተብሎ የመጣ ነው፣ ማንም ከከባዱ ክፍል እንዳይቀር። ዓላማው መልካም ሆኖ የክትትል ክፍልን ግን በቁሙ ይገድለዋል፤ ክትትል ማለት ያው ሰው ያውን ሰው ደግሞ ደጋግሞ ማየቱ ነውና።

መድኃኒቱም እንዲሁ። ነርሷ እንድታዝዝ ይፈቀድላታል፤ ጤና ጣቢያው የሚገዛውን ዝርዝር ሲያወጣ ግን አትጠየቅም። የደም ግፊት መድኃኒቱ አምሎዲፒን ያልቃል። ለታካሚው ከግል ፋርማሲ ግዛ ትለዋለች፤ አንድ ወር ገዝቶ ሁለተኛውን ይዘላል። ግፊቱ ሲወጣ «በነርስ ስለታየ ነው» ይባላል።

ሊሠራ እንደሚችል የሚያሳይ ነገር ስለሌለን አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. ለጤና ጣቢያዎች የወጣው የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት ክሊኒካዊ መመሪያ ከደቡብ አፍሪካ መጥቶ ለእኛ አገር የተስማማ ነው፤ እዚያ ሲዘጋጅ ከመነሻው የታሰበው ለነርሶች ነበር። አብሮት የመጣው የአሠለጣጠን ዘዴም ሆቴል አይፈልግም፤ ሠራተኛው ከጤና ጣቢያው ሳይወጣ፣ በአጫጭር ክፍለ ጊዜ፣ በየዕለቱ በሚያያቸው ሕመሞች ዙሪያ ከባልደረቦቹ ጋር ይማራል። ጥሩ ዘዴ ነው። የሚጎድለው የአበል ጣዕም ብቻ ነው፣ እሱም በእኛ አገር ቀላል ጉድለት አይደለም።

አሁን ከባዱን ተቃውሞ ልመልስ። «ነርሲንግ ትምህርቱ ራሱ ወርዷል» ይላሉ፤ በየመንገዱ የተከፈቱት የግል ኮሌጆች፣ በሲኦሲ የብቃት ፈተና የሚወድቀው ብዛት፣ መርፌ ሳይጨብጥ የተመረቀው። እውነት አላቸው። ጥራቱ የወረደው ግን በነርሲንግ ብቻ አይደለም፤ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በአንድ ጊዜ በበዙበት ዘመን ሐኪሞቹም በአንድ አስከሬን ዙሪያ ሲጋፉ ነው የተማሩት። ይህን አንስቶ «ስለዚህ ሐኪም አያክም» የሚል አልሰማሁም። መልሱ ፈቃዱን ማጥበቅ ነው። ክትትል የሚመራ ነርስ ለዚያ ሥራ ለብቻው ይፈተን፣ ለብቻው ይመዝገብ፣ ካልተገባው ይነጠቅ። ሥልጣን ያለ ፈተና ይሰጥ ያለ የለም።

ከሁሉ በላይ ግን ዛሬ የሚደመጠው ክርክር ሥራ አጥ ሐኪሞችን የሚያነሳው ነው። ስድስትና ሰባት ዓመት ተምረው፣ ምድብ አጥተው ቤት የተቀመጡ ወጣቶች አሉ። «እነሱ እያሉ ነርስ ለምን?» ይባላል። ጥያቄው ከልብ ስለሚነሳ በንቀት አይመለስም። ነገር ግን «እስኪበቃን ድረስ» ይባል የነበረው ሐኪም እንግዲህ በቃ፤ ከመብቃትም አልፎ ተረፈ። ጤና ጣቢያው ሐኪም አገኘ? አላገኘም። የአንዱ ሐኪም ሥራ አጥነትና የሌላው ታካሚ ሐኪም ማጣት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እነዚህን ወጣቶች ቀጥረን ቀኑን ሙሉ ግፊት እየለኩ ያንኑ ኪኒን እንዲያድሱ ብናስቀምጣቸው በዓመቱ ጥለው ይሄዳሉ፣ ይገባቸዋልም። የተማሩት ያልታወቀውን ለማወቅ፣ የተወሳሰበውን ለመፍታት ነው፤ ምክንያቱ የማይታወቀውን ትኩሳት፣ መድኃኒት የማይመልሰውን ግፊት፣ ሁለት ሕመም ያለባትን እርጉዝ።

አንድ ሐኪም ለአንድ ክላስተር ጤና ጣቢያዎች ይመደብ። በየሳምንቱ ተራ በተራ ይዙር፤ ነርሶቹ ለይተው ያስቀመጡለትን ከባድ ጉዳይ ይይ፣ የቀረውን ካርድ አብሯቸው ይገምግም፣ በስልክ ይማከር። ነርሷ ራሷ ባዘዘችው ላይ ራሷ ትፈርም፣ በስሟ ትጠየቅ፣ ለዚያ ኃላፊነት ደረጃና ደመወዝ ይቆረጥላት፣ ቢያንስ ሦስት ዓመት ከክፍሏ አትነሳ፣ መድኃኒት ሲገዛ ከኮሚቴው ጋር ትቀመጥ። ጎንደርና ጅማ ዙሪያ ሲሠራ የነበረው ከዚህ ብዙም የተለየ አልነበረም፤ ልዩነቱ ያኔ በጥቂት ሰዎች ትጋትና በውጭ ድጋፍ መቆሙ ነው። ይህን በመደበኛ በጀት ለማቆም ለዚያ ተዘዋዋሪ ሐኪም መደብ ያስፈልጋል። መደቡን የያዘችበት ነርሷ አይደለችም፤ ጥያቄው መቅረብ ያለበት ለፋይናንስ ቢሮ ነው፣ ሥራ አጡ ሐኪምና ነርሷም አብረው ሊያቀርቡት ይችላሉ።